ከሥራ ወጥቶ ወደ ሥራ፦ የኑሮ ጌሞች ምን ቢኖራቸው ነው?

ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የዋለ ሰው ማታ ቤቱ ይገባል፤ እራቱን ይበላል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን መልሶ ይከፍትና ድንጋይ መልቀም ይጀምራል። አረም ይነቅላል፣ ላም ያልባል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ የጎረቤቱን ልደት አስታውሶ ስጦታ ይዞ በሩን ያንኳኳል። ዋናው ጉዳይ ጠላት መግደል ወይም ቡድን መርታት አይደለም። ብዙውን ጊዜ “ጨረስኩ” የሚልበት መጨረሻም የለም። የዕለት ተዕለት ኑሮን በእርጋታ የሚያኖሩ እንዲህ ያሉ የቪዲዮ ጌሞች የጥቂት ሰዎች ፍቅር መሆናቸው ከቀረ ቆይቷል። አንድ ሰው ብቻውን የሠራው ስታርድው ቫሊ እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ 41 ሚሊዮን ቅጂ ተሽጧል (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የኒንቴንዶ ኩባንያ ሥራ የሆነው አኒማል ክሮሲንግ፦ ኒው ሆራይዝንስ ከ45 ሚሊዮን አልፏል።

ሥራ ያደከመውን ሰው ሌላ ሥራ እንዴት ያሳርፈዋል? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ “ከእውነተኛው ዓለም መሸሻ ናቸዋ” የሚል ነው። ይህ መልስ ጥያቄውን ገና ሳይነካው የሚያልፍ ይመስለኛል። መሸሽ የፈለገ ሰው ዘንዶ መግደል፣ ጠፈር ላይ መብረር ይችላል፤ አረም ለመንቀል ምን አሸሸው? እኔ እንደማየው ሰዉ የሚሸሸው ድካምና ፍሬ ከተለያዩበት ኑሮ ነው። ሥራውንማ ይዞት ይሄዳል።

አመጣጣቸውን ብናይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በ1985 አክቲቪዥን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሊትል ኮምፒውተር ፒፕል የሚባል ጌም አውጥቶ ነበር። ኮምፒውተሩ ውስጥ አንድ ሰውዬ ይኖራል፤ ይበላል፣ ፒያኖ ይጫወታል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ተጫዋቹ ደግሞ ይንከባከበዋል። ሐሳቡ ከዘመኑ የቀደመ ነበር። ዘርፉን ዘርፍ ያደረጉት ግን ከዚያ በኋላ የመጡ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም የሠሩት የጎደላቸውን ነገር ነው።

የመጀመሪያው ያሱሂሮ ዋዳ ነው። ዋዳ በደቡብ ጃፓን፣ ኪዩሹ ደሴት ላይ፣ በሚያዛኪ ገጠር አድጎ ለሥራ ቶኪዮ የገባ ሰው ነው። የልጅነት ቀዬው ዋጋ የታየው ከተማ ከገባ በኋላ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ያኔ የጌም ገበያው በውጊያ ተይዞ ነበርና ውጊያ የሌለበት ጌም ለመሥራት ተነሣ። በ1996 በጃፓን “ቦኩጆ ሞኖጋታሪ” ተብሎ ወጣ፤ በቀረው ዓለም ሃርቨስት ሙን በሚል ስም ታወቀ። ተጫዋቹ የአያቱን ጠፍ እርሻ ይረከባል፤ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ማቅናት አለበት፤ ጊዜው ሲያልቅ ወላጆቹ መጥተው የሠራውን ያያሉ። ዛሬ የምናውቃቸው የእርሻ ጌሞች በሙሉ ማለት ይቻላል የዚህ ጌም ልጆች ናቸው።

ሁለተኛው ዊል ራይት ነው። በጥቅምት 1991 በካሊፎርኒያ የኦክላንድ ኮረብታዎች የተነሣው እሳት 25 ሰዎችን ገደለ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችንም አወደመ፤ ከተቃጠሉት አንዱ የራይት ቤት ነበር። ኑሮን ከባዶ ሲጀምር ከዕቃው ሁሉ የትኛው መጀመሪያ እንደሚያስፈልገው፣ የትኛው ጨርሶ እንደማያስፈልገው ማሰላሰል ያዘ። በመጀመሪያ የጠነሰሰው የቤት ንድፍ ማውጫ ጌም ነበር፤ ሰዎቹ የገቡት የቤቱን ምቹነት እንዲመዝኑ ነው። ከዚያ ሰዎቹ ከቤቱ ይልቅ ሳቢ ሆኑ። ዘ ሲምስ በየካቲት 2000 ወጣ፤ በሁለት ዓመት ውስጥም በኮምፒውተር ጌም ታሪክ በሽያጭ አንደኛ ሆነ። ከመውጣቱ በፊት ግን ብዙ ሰው “የአሻንጉሊት ቤት” ብሎ ናቅ አድርጎት ነበር። ኢንዱስትሪው ያኔ የሚያስበው በአብዛኛው ለወንዶች ልጆች ነበርና ሴቶችና ጌም ተጫውተው የማያውቁ ሰዎች ይህን ያህል ይጠብቁት እንደነበር አልታየውም።

ሲምስ ከሌሎቹ ለየት ይላል። እዚህ ተጫዋቹ ከላይ ሆኖ የሚያይ አስተዳዳሪ ነው። ሰዎቹ ስምንት ፍላጎት አላቸው፤ ረኃብ፣ ምቾት፣ ንጽሕና፣ ሽንት ቤት፣ ጉልበት፣ መዝናናት፣ ሰው ማግኘት፣ የክፍላቸው ይዞታ። አንዱን ስትሞላ ሌላው ይጎድላል። ምግብ ማብሰል ያልተማረ ሰው ምድጃ ቢለኩስ ቤቱን ሊያቃጥል ይችላል። የተገዛው ዕቃ በበዛ ቁጥር የሚሰበረውና የሚጸዳውም ይበዛል፤ ራይት ሆን ብሎ ያስገባው ትዝብት ነው። ስለዚህ ሲምስን “ዘና የሚያደርግ” የሚለው ስም ሙሉ በሙሉ አይገልጸውም። ከደጅ ቆሞ ኑሮን እንደ መመርመር ነው።

ሦስተኛው ካትሱያ ኤጉቺ ነው፤ ለእኔ ከሦስቱ ልቤን የሚነካው የእሱ ታሪክ ነው። ኤጉቺ ከቶኪዮ አጠገብ ካለችው ቺባ ተነሥቶ ኒንቴንዶ ውስጥ ለመሥራት ኪዮቶ ገባ። ቤተሰብና ጓደኛ ርቀው ቀሩ። ከሰው አጠገብ መሆን፣ አብሮ መጫወትና ማውራት ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደነበር የገባው ያኔ ነው። በ2001 በኒንቴንዶ 64 የወጣው የመጀመሪያው አኒማል ክሮሲንግ የተሠራው ይህንን ስሜት ለመመለስ ነው። ጌሙ የእውነተኛ ሰዓት ይከተላል፤ ተጫዋቹ ዘንድ ከመሸ መንደሩም ይመሻል፤ ክረምቱም ክረምት ነው። አንድ ቤተሰብ በአንድ መንደር እየተፈራረቀ ይኖራል። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ተጫውቶ፣ ለአባቱ ደብዳቤና ዕቃ ትቶ ይተኛል፤ ከሥራ አምሽቶ የገባው አባት ሌሊት ከፍቶ ያነበዋል። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ለማይገናኙ ሰዎች የታሰበ ጌም ነው።

ቀዬ፣ ቤት፣ ቤተ ዘመድ። ዘርፉ እስከ ዛሬ የቆመው በእነዚህ ላይ ነው።

አሁን ጨዋታው እንዴት እንደሚሠራ በቅርብ እንየው። ለዚህ ከስታርድው ቫሊ የተሻለ አላገኘሁም። ኤሪክ ባሮን በ2011 ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የታኮማ ቅርንጫፍ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመረቀ፤ ሥራ ሲያጣ ፕሮግራም መጻፍ ለመለማመድ ብሎ ጀመረው። ሥዕሉን፣ ሙዚቃውን፣ ታሪኩንና ኮዱን ብቻውን ሠራ፤ ለኑሮው ሲያትል ውስጥ ቲያትር ቤት ተመልካች ያስቀምጥ ነበር። አራት ዓመት ተኩል ገደማ ፈጅቶበት በየካቲት 2016 ወጣ። ታሪኩ የሚጀምረው ጆጃ ኮርፖሬሽን በሚባል ኩባንያ ቢሮ ውስጥ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኑሮ ሲከብደው አያቱ ከመሞታቸው በፊት የሰጡትን የታሸገ ፖስታ ይከፍታል፤ የእርሻ ውርስ ያገኛል።

የመጀመሪያው ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይጀምራል። ቤቱ ውስጥ የመንደሩ ከንቲባ ያስቀመጡለት ስጦታ አለ፤ 15 የፓርስኒፕ ዘር፤ ፓርስኒፕ ማለት ካሮት የመሰለ ነጭ ሥር ነው። ውጪው ድንጋይ፣ ግንድና አረም ነው። በእጁ ዶማ፣ መጥረቢያ፣ ማጭድና ውኃ ማጠጫ አለ። ጉልበቱ 270 ነው፤ ዶማው አንድ ጊዜ በተሰነዘረ፣ ውኃ ማጠጫውም አንድ ጊዜ ባፈሰሰ ቁጥር 2 ይቀነስበታል። ስለዚህ 15 ዘር ለመትከል 30፣ ለማጠጣት 30 ይሄዳል፤ የተረፈውን ለድንጋይና ለግንድ ያውለዋል። ውኃ የጠጣ አፈር ይጠቁራል። በጌሙ 10 ደቂቃ ማለት በእኛ 7 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት የሚዘልቀው ቀን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ዘሩ በአራት ቀን ይደርሳል። በ20 የሚገዛው ዘር 35 ያወጣል። ማታ ምርቱን ደጅ ካለው ሳጥን ይከትና ይተኛል፤ ሲነጋ የገባለት ገንዘብ በዝርዝር ይታየዋል።

እዚህ ውስጥ የተቀመጠውን ውል ልብ እንበል። የደከመ ያገኛል፤ መቼና ምን ያህል እንደሚያገኝ አስቀድሞ ያውቃል፤ ያገኘውን የሚነጥቀው የለም። ማጠጣት ቢረሳ ተክሉ አይሞትም፤ ለዚያ ቀን አያድግም እንጂ። የአንድ ቀን መዘንጋት የአንድ ቀን መዘግየት ያስከትላል፣ ከዚያ አያልፍም። ጌሙ ግን ቅጣት አልባ አይደለም፤ ወቅቱ 28 ቀን ሲሞላው ይለወጥና ማሳ ላይ የቀረውን ሰብል ይወስደዋል፤ ማስፈራሪያ ያልተተከለበትን ማሳ ቁራ ይገባበታል። ልኩን የጠበቀ ነው፤ ጥፋት ያስተምራል፣ አያደቅም። ቢሮ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ የሥራው ውጤት የት እንደ ደረሰ ለማያውቅ ሰው የጠቆረ አፈር ማየት እንዴት ያለ እርካታ እንደሆነ መገመት ይቻላል። ግድግዳ ማጽዳትን የመሰለ ደረቅ ሥራ ብቻውን ጌም ሆኖ የተወደደውም በዚሁ ምክንያት ነው። የእንግሊዙ ፓወርዋሽ ሲሙሌተር ተጫዋቹን የቆሸሸ ነገር በውኃ ግፊት ከማጠብ በቀር ምንም አያሠራውም። የቼኩ ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 ከከተማ ከተማ ጭነት ያስነዳል። የአውስትራሊያው አንፓኪንግ ከካርቶን ዕቃ እያወጡ ማስቀመጥ ነው፤ ግን በዕቃዎቹ ብቻ፣ ያለ አንዳች ንግግር፣ ከ1997 እስከ 2018 የአንዲትን ሴት ሕይወት ይተርካል። ከዘርፉ እጅግ የማደንቀው እሱን ነው።

ዕዳውም እንዲሁ ነው። በኒው ሆራይዝንስ ደሴቱን የሚያስተዳድረው ቶም ኑክ ገና ሲደርሱ የጉዞና የመቋቋሚያ ወጪ ብሎ 49,800 ቤል ያስከፍላል፤ ቤል የጌሙ ገንዘብ ነው። ከዚያ ቤት ሠርቶ 98,000 ያበድራል። ብድሩ ወለድ የለውም፣ ቀነ ገደብ የለውም፣ ቤት አያስወርስም። የቤት ብድር በማይቀመስባቸው ከተሞች የሚኖር ወጣት ይህን ሲያይ የሚሰማውን ማስረዳት አያስፈልግም። አደጋ የፈለገ ደግሞ ተርኒፕ አለለት። እሑድ ጠዋት ከ90 እስከ 110 ቤል የሚገዛ ሥር ነው፤ ዋጋው በየቀኑ ሁለቴ ይለዋወጣል፣ በቀጣዩ እሑድ ይበሰብሳል። ሳምንቱን ሙሉ ዋጋ መጠየቅ፣ ጥሩ ዋጋ ካለበት የጓደኛ ደሴት ድረስ ጭኖ መሄድ፤ እውነተኛ ገበያ ነው።

ኒው ሆራይዝንስ የወጣው መጋቢት 20 ቀን 2020 ነው፤ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ዓለም ቤቱን መዝጋት በያዘበት ሰሞን። በስድስት ሳምንት ከ13 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ሰርጋቸው የተሰረዘባቸው በደሴታቸው ላይ ሰርግ ደገሱ፤ ተመራቂዎች ተመረቁ። የሆንግ ኮንግ ወጣቶች ለተቃውሞ ተሰበሰቡበት፤ በሚያዝያም ጌሙ ከቻይና የኦንላይን መደብሮች ተነሣ። ሰው በሚሰበሰብበት ሁሉ የሰው ጉዳይ አብሮ ይገባል።

በእነዚህ ጌሞች ውስጥ ስላሉት ጎረቤቶች ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። አኒማል ክሮሲንግ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ የተመለሰን ሰው ጎረቤቶቹ የት እንደነበር ይጠይቁታል፤ ደሴቱም አረም አብቅሎ ይጠብቀዋል። ስታርድው ቫሊ ውስጥ በመጠጥ የተያዘ፣ ከጦርነት የተመለሰ፣ ትዳሩ የከበደው ሰው አለ፤ ታሪካቸው በጥንቃቄ ተጽፏል። ወዳጅነቱ የሚገነባው ግን በአብዛኛው በስጦታ ነው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚወዱትን ዕቃ መስጠት፣ የልብ ምልክት መሰብሰብ። እርሻው ላይ ያማረው የድካምና የፍሬ ውል ሰው ላይ ሲውል ይሻክራል። ሰውን እንደ ተክል በቀን ቆጠራ ማድረስ አይቻልም። ከዚህ ድክመት የወጣ አንድ ጌም ባውቅ በሞንትሪያል የተሠራው ስፒሪትፌረር ነው። እዚያ ተጫዋቿ የሞቱ ሰዎችን በመርከብ ታሳድራለች፤ ታበላለች፣ ታቅፋለች፣ በመጨረሻም ትሸኛቸዋለች። ፍሬው መለየት ነው።

ጥናቱስ ምን ይላል? የሥነ ልቦና ሊቃውንቱ ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን ሰው ሦስት ነገር ይሻል ይላሉ፤ በራስ ፈቃድ ማድረግን፣ መቻልን፣ ከሰው ጋር መተሳሰርን። ራያን በ2006 ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ይህንኑ በጌም ላይ ፈትሾ የተጫዋቾች ደስታ ከእነዚህ ፍላጎቶች መሟላት ጋር የተያያዘ ሆኖ አግኝቶታል። በ2020 ደግሞ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኩባንያዎቹ የተገኘውን ትክክለኛ የጨዋታ ሰዓት ይዘው የኒው ሆራይዝንስና የሌላ አንድ ጌም 3,274 ተጫዋቾችን መረመሩ፤ በጨዋታ ሰዓትና በደኅና ስሜት መካከል አነስተኛ ግን አዎንታዊ ዝምድና አገኙ። ዜናው “ጌም ለጤና ይበጃል” ተብሎ ዓለምን አዳረሰ፤ ያን ያህል የሚያስጮህ አልነበረም። በ2022 ያው ቡድን ሰባት ጌሞችንና ወደ 39,000 የሚጠጉ ተጫዋቾችን ሲከታተል ሰዓቱ ራሱ ይህ ነው የሚባል ለውጥ እንደማያመጣ አየ። ልዩነት የታየው በምክንያቱ ላይ ነው፤ ወዶ የሚጫወት ደኅና ነው፣ “መግባት አለብኝ” ብሎ የሚጫወት አይደለም።

ዘርፉን ለሁለት የሚከፍለውም ይኸው ነው። በ2009 ዚንጋ የተባለው ኩባንያ ፌስቡክ ላይ ፋርምቪልን አወጣ፤ በገነነበት ወቅት በቀን ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰው ይጎበኘው ነበር። ከላይ ሲታይ ያው እርሻ ነው፤ ዘር፣ ላም፣ ጎተራ። ውሉ ግን ተገልብጧል። በሰዓቱ ያልመጣ ገበሬ ሰብሉ ደርቆ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ሰዉ ማንቂያ ሰዓት እየሞላ ሌሊት ተነሥቶ ያጭድ ነበር። ለመስፋፋት ጓደኛ መጎትጎት ወይም መክፈል ያስፈልጋል። የጌም ተመራማሪው ኢያን ቦጎስት በ2010 ይህን ለመንቀፍ ካው ክሊከር የሚል ጌም ሠራ፤ በየስድስት ሰዓቱ አንዲት ላም አንድ ጊዜ መንካት ነው፣ ሌላ የለውም። ሰዎች ነቀፌታውን ትተው ላሟን ወደዷት። ፋርምቪል በ2020 የመጨረሻ ቀን ተዘጋ፤ ልማዱ ግን ወደ ስልክ ተሻግሯል። ስለዚህ አንድን የኑሮ ጌም ለመመዘን የምጠይቀው ስንት ሰዓት እንደሚወስድ አይደለም። ትቼው ብሄድ ምን ያደርገኛል? ብዬ ነው። ስታርድው ቫሊ ሲዘጋ ጊዜው ይቆማል፤ ተጫዋቹ ከዓመት በኋላ ቢመለስ ላሟ እዚያው ናት። እውነት ነው፣ በኮምፒውተር ላይ የሠራውን የሚያስቀምጠው ተጫዋቹ ሲተኛ ብቻ መሆኑና ሲነጋ ወዲያው አዲስ ቀን መጀመሩ “አንድ ቀን ልጨምር” እያሰኘ ሌሊቱን ያነጋል። ያም ቢሆን መሄጃው በር ክፍት ነው።

ወደ እኛ ሀገር ስንመጣ ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ይሆናል። ጌም በከተሞቻችን የተስፋፋው በፕሌይስቴሽን ቤቶች ነው፤ በጨዋታ ይከፈላል፣ ኳስ ይጫወታሉ፣ የተሸነፈ ይነሣል። ነገ ተመልሰህ የምትቀጥለው እርሻ በዚህ አሠራር ቦታ የለውም። ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ያለው ደግሞ መብራት ቢሄድበት ያልተኛበት ቀን ድካም ይጠፋበታል። የሚቀረው ስልክ ነው። ስታርድው ቫሊ በስልክ ይገኛል፤ ግን በውጭ ምንዛሪ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚገዛ ነው፤ ያ ለአብዛኛው ተጠቃሚ አይሆንለትም። በነፃ የሚወርዱት እንደ ፊንላንዱ ሄይ ዴይ ያሉት ናቸው። ሄይ ዴይ እንደ ፋርምቪል ሰብል አያደርቅም፤ ሆኖም መጠበቅን ሆን ብሎ ያረዝምና ማሳጠሪያውን አልማዝ በገንዘብ ይሸጣል። የእኛ ሰው ይህን ዘርፍ የሚያውቀው ከደካማው በኩል ነው ማለት ነው፤ ያሳዝነኛል።

ሌላም ነገር አለ። እነዚህ ጌሞች የሚያሳዩትን እርሻ እርሻ የሚያውቅ ሰው ሲያየው ብዙ ይጎድለዋል። ድርቅ የለም፣ አንበጣ የለም፣ የማዳበሪያ ወረፋ የለም፣ መሬቱ የማን ነው የሚል ጥያቄ የለም። ይህ ለዋዳና ለባሮን ነውር አይደለም፤ እነሱ የሠሩት ናፍቆትን ነው። አያቱ አሁንም ገበሬ የሆነ ወጣት ቢሠራው ግን ሌላ ጌም ይወጣው ነበር ብዬ አስባለሁ። ለምሳሌ ደቦን እንውሰድ። በእስካሁኖቹ ጌሞች ጎረቤት ስጦታ ይቀበላል፣ ያወራል፣ ይጋባል፤ የትዳር ጓደኛ አንዳንድ ቀን ማሳ ቢያጠጣ ነው እንጂ መንደሩ ወርዶ አያግዝም። ደቦ ያለበት ጌም ውስጥ ግን የተጫዋቹ ጉልበት 270 ሆኖ አይቀርም፤ በሰው ማሳ ላይ በዋለው ቀን ልክ ይበዛል። ሌላው ሰው ጋ ያልሄደ ቢጠራ የሚመጣለት የለም። ለጠራው ጠላና ንፍሮ ማሰናዳት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ካለፈው ዓመት ገብስ ማትረፍ ነበረበት። በክፉ ዓመት ዘር የሚያበድረው ጎረቤት ማን እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው። ስጦታ እየቆጠሩ ልብ ከመሰብሰብ ይልቅ ወዳጅነት ራሱ ሥራ ይሆናል፤ ያን ያህል የተማረርኩበት ክፍተትም የሚሞላበት መንገድ ይህ ይመስለኛል። ለመሥራት የሚያስፈልገው ትልቅ ኩባንያ እንዳልሆነ ባሮን አሳይቷል።